ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ደብተር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ ልንናገርበት ያሰብነው ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት ለስብከት የሚሆን አይመስልም፤ የአንድ ተማሪ ደብተር ነውና፥ ያውም የፍልስፍና ደብተር። ነገር ግን ፈጣሪ ጆሮን ለምን እንደ ሰጠን፥ በጆሮ የገባውም ነገር በሰሚው ላይ ምን ዓይነት አደራ እንደሚጥል የዚህ ደብተር ታሪክ ያሳየናል ብለን እናምናለን፤ ስለዚህ ታግሣችሁ ስሙን። በንግግራችን ውስጥ የምንጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ከተማ በ1386 ዓ.ም. የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ አለ። በ1816 ዓ.ም. ጊዮርግ ቪልሄልም ፍሪድሪኽ ሔግል የተባለው ፈላስፋ በዚህ ዩኒቨርሲቲ የመምህርነት ወንበር ተሰጠው። ሔግል ዛሬ ፍልስፍና በሚነገርበት አገር ሁሉ ስሙ ሳይነሣ አይቀርም፤ በዚያን ጊዜ ግን ዕድሜው ወደ አርባ ስድስት ዓመት የደረሰ፥ ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት በኑርንበርግ ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት አለቃ ሆኖ የኖረ ሰው ነበረ። አንደበቱም የተባ አልነበረም። በኋላ በበርሊን ያስተማረው ሆቶ የሚባል ደቀ መዝሙሩ እንደ መሰከረው፥ መምህሩ አንገቱን ደፍቶ፥ ወረቀቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያገላበጠ፥ ጕሮሮውን እየጠረገና እያሳለ፥ በትውልድ አገሩ ቅላጼ ቃሉን እየጐተተ ያስተምር ነበር። የነገር ጣዕም ፈልጎ ለመጣ ሰው ይህ ፈተና ነው፤ ነገሩን ራሱን ፈልጎ የመጣ ሰው ግን ታግሦ ይጽፍ ነበር።

ከታገሡትም አንዱ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም ካሮቬ ይባላል። በ1789 ዓ.ም. በኮብሌንዝ ከተማ የተወለደ፥ አስቀድሞ ሕግ ተምሮ በዚያው ሙያ ያገለገለ ሰው ነው፤ እንግዲህ ወደ ሃይደልበርግ በመጣ ጊዜ ልጅ አልነበረም፥ ዕድሜው ወደ ሠላሳ የተጠጋ ጐልማሳ ነበረ። ሔግል በሃይደልበርግ ባስተማረበት ዘመን፥ ይኸውም ከ1816 እስከ 1818 ዓ.ም. ድረስ፥ ካሮቬ በፊቱ እየተቀመጠ የሰማውን ጻፈ። ከዚያ በኋላ መምህሩ ወደ በርሊን ሄደ፥ ተማሪውም በየፊናው ተበተነ። ደብተሮቹ ከጊዜ በኋላ ፍሪድሪኽ ቪንዲሽማን በሚባል በሙኒክ ይኖር በነበረ የካቶሊክ የሃይማኖት ሊቅ እጅ ገብተው፥ በመጨረሻ በሙኒክና ፍራይዚንግ ሀገረ ስብከት ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ። በዚያም ከሳጥን ሳይወጡ ትውልድ አልፎ ትውልድ ተተካ። በ2022 ዓ.ም. ክላውስ ፊቬግ የሚባል የየና ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ፕሮፌሰር በአምስት ሳጥን ውስጥ ከአራት ሺሕ ገጽ በላይ የሆነውን ጽሑፍ አገኘ፤ ወሬውም በዚያው ዓመት ተሰማ። በውስጡ ሔግል በሃይደልበርግ ስለ ኪነ ጥበብና ስለ ውበት ያስተማረው፥ ጠፍቶ ቀረ ሲባል የኖረው ትምህርት ይገኝበታል ተብሏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናግባ። ካሮቬ በ1826 ዓ.ም. የካቶሊክን ቤተ ክርስቲያን አቋም የሚነቅፍ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። ሆኖም የእጁን ጽሑፍ ከእሳትና ከብል፥ ከሁለት ታላላቅ ጦርነቶችም ያተረፈው የዚያችው የነቀፋት ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ሆነ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው አስቦ አያደርገውም።

የተማሪ ደብተር ስንል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መምህሩ ሲናገር በዚያው ሰዓት እየተጣደፉ የሚጽፉት ነው፤ ቃል ይቈራረጣል፥ ፊደል ይጣመማል፥ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ሌላው ይጀመራል። ሁለተኛው ተማሪው ወደ ማደሪያው ከገባ በኋላ መብራት አብርቶ፥ የሰማውን እያስታወሰ፥ የጐደለውን እየሞላ በንጹሕ ወረቀት የሚገለብጠው ነው። በመጀመሪያው ውስጥ የመምህሩ ድምፅ ይበልጥ ይሰማል፤ በሁለተኛው ውስጥ የተማሪው አእምሮ ይበልጥ ይታያል። የጽሑፍ መርማሪዎች ሁለቱን ለይተው የሚመዝኑት ስለዚህ ነው። መምህሩ አንድ ጊዜ የተናገረውን ሁለት ተማሪዎች ቢጽፉት ሁለቱ ደብተር ፈጽሞ አንድ አይሆንም፤ ልዩነቱ ግን ሐሰት ላይሆን ይችላል፥ የጆሮ ልዩነት ነውና።

ይህን የምንለው ደብተሩ ቀላል ነገር አለመሆኑን ለማስረዳት ነው። ሔግል በሕይወቱ ሳለ ያሳተማቸው ታላላቅ መጻሕፍት አራት ያህል ናቸው። በኅዳር ወር 1831 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ ስለ ሃይማኖት፥ ስለ ኪነ ጥበብ፥ ስለ ዓለም ታሪክና ስለ ፍልስፍና ታሪክ በቃል ያስተማረው ትምህርት በመጽሐፍ መልክ አልታተመም ነበር። እነዚህን ሁሉ መጻሕፍት አድርገው ያወጡአቸው ደቀ መዛሙርቱና ወዳጆቹ ናቸው፤ እርሱ ከተዋቸው ወረቀቶችና ከተማሪዎች ደብተሮች እያሰባሰቡ አዘጋጁአቸው። ከላይ የጠራነው ሆቶ ስለ ኪነ ጥበብ ያስተማረውን ከ1835 እስከ 1838 ዓ.ም. አሳተመ። መጽሐፉ ታላቅ ዝና አገኘ፤ ነገር ግን ከዚያ ውስጥ ስንቱ የመምህሩ፥ ስንቱ የሆቶ አሳብ እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እንግዲህ ዓለም የሔግል መጽሐፍ ብሎ ከሚያነበው ብዙው፥ በእውነት ሲመረመር፥ የሰሚዎቹ መጽሐፍ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ እኛ ክርስቲያኖች በዚህ ነገር ልንደነቅ አይገባንም። የሃይማኖታችን መሠረት በሰሚዎች እጅ የተላለፈ ነውና። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በሥጋ በተመላለሰበት ዘመን አንድ መጽሐፍ ስንኳ አልጻፈም፤ በጣቱ ጻፈ ተብሎ በወንጌል የተነገረው ያችን ሴት ሊወግሩ ባመጡአት ጊዜ በምድር ላይ ብቻ ነው፤ ያንንም ጽሑፍ ማንም አልገለበጠውም። ቃሉን የያዙት በእግሩ ሥር የተቀመጡት ናቸው። ቅዱስ ማርቆስም፥ የእስክንድርያ መንበር አባት፥ የቅዱስ ጴጥሮስን ስብከት እየሰማ ወንጌሉን እንደ ጻፈ የጥንት አባቶች ነግረውናል። ከዚያም በፊት ነቢዩ ኤርምያስ ሲናገር ባሮክ በቀለም ይጽፍ ነበር። ንጉሡ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ እሳት ፊት ተቀምጦ ክርታሱን በጸሐፊ ካራ እየቀደደ ባቃጠለ ጊዜ፥ ባሮክ ሌላ ክርታስ አንሥቶ እንደ ገና ከነቢዩ አፍ ጻፈ፤ በዚያም ላይ ሌላ ብዙ ቃል ተጨመረበት። ንጉሡ የበተነውን አመድ ነፋስ ወሰደው፤ የጸሐፊው ድካም ግን እስከ እኛ ደረሰ።

ከእስክንድርያም አባቶች መካከል ደግሞ ዲዲሞስን እንመልከት። ገና ሕፃን ሳለ ዓይኑ ጠፋ። ፊደልን የተማረው በእንጨት ላይ ተቀርጾለት በጣቱ እየዳሰሰ ነው ይባላል። ጽሕፈትና ሥዕለ ፊደል የማያይ ይህ ሰው ከመጻሕፍት ትርጓሜ አልፎ የፈላስፎችን የአመክንዮ ትምህርትና የሒሳብን ትምህርት በመስማት ብቻ አጥንቶ፥ በአባታችን በቅዱስ አትናቴዎስ ዘመን የእስክንድርያ ታላቅ መምህር ሆነ። አባ እንጦንስም ወደ እርሱ መጥተው ስለ ዓይኑ እንዳያዝን፥ ትንኝ ያላትን ዓይን ቢያጣ መላእክት የሚያዩበትን ዓይን እንዳገኘ ነግረው አጽናንተውታል። በ1941 ዓ.ም. ከካይሮ በስተ ደቡብ ቱራ በተባለ ቦታ፥ ጥንት ድንጋይ ይፈለጥበት በነበረ ዋሻ ውስጥ፥ የጦር መሣሪያ ማከማቻ ሊያዘጋጁ አፈር የሚጠርጉ ሠራተኞች ብዙ የፓፒሩስ ጽሑፍ አገኙ። ከዚያም ውስጥ ዲዲሞስ መዝሙረ ዳዊትንና መጽሐፈ መክብብን ሲያስተምር የተጻፈ ይገኝበታል። የሚያስደንቀው፥ ተማሪዎቹ ትምህርቱን አቋርጠው የጠየቁት ጥያቄ ሁሉ፥ መምህሩም የመለሰው መልስ፥ እንዳለ ተጽፎ መገኘቱ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት በድንጋይ መካከል የተቀበረ ጉባኤ፥ ተማሪው እጁን ሲያነሣ ስንኳ የሚታይ ይመስላል።

ከዚሁ ከዲዲሞስ ደቀ መዛሙርት አንዱ ሩፊኖስ ይባላል። ይህ ሰው በኛ በኢትዮጵያውያን ላይ ብድር አለው። ፍሬምናጦስ፥ አባታችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፥ ከወንድሙ ከአዴስዮስ ጋር ወደ አክሱም እንዴት እንደ ደረሰ፥ በቅዱስ አትናቴዎስም እጅ እንዴት እንደ ተሾመ የሚናገረውን ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጽሐፉ ጽፎ ለዓለም ያቈየው እርሱ ነው። ከማን እንደ ሰማውም ሳይገልጥ አላለፈም፤ በጢሮስ ቄስ ከሆነው ከአዴስዮስ ከራሱ አፍ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የአንድ ሽማግሌ ቄስ ትዝታ ባያዳምጥ ኖሮ፥ ይህ ምስክርነት ከአዴስዮስ ጋር መቃብር ይወርድ ነበር።

አሁን ወደ ሃይደልበርግ ተማሪ እንመለስ፤ አራት ሺሕ ገጽ መጻፉ ብቻውን ሰውን አያስመሰግንምና። ጥያቄው የጻፈውን ምን አደረገበት የሚለው ነው። በጥቅምት ወር 1817 ዓ.ም. የጀርመን ተማሪዎች በቫርትቡርግ አምባ ታላቅ በዓል አድርገው ተሰበሰቡ። ካሮቬ በዚያ ነበረ፥ ተነሥቶም ንግግር አደረገ። በዚያው በዓል ማታ ግን ከተሰበሰቡት አንዳንዶቹ እሳት አንድደው የጠሏቸውን ሰዎች መጻሕፍት ስም ጣሉበት፤ ከነዚያም አንዱ አንድ አይሁዳዊ ጸሐፊ የጻፈው ነበረ። የኢዮአቄም እሳት መሆኑ ነው። በዚያን ዘመን ከተማሪዎቹ ማኅበራት ብዙዎቹ አይሁድንና የውጭ አገር ሰዎችን ላለመቀበል ይከራከሩ ነበር፤ ካሮቬ ግን በሃይደልበርግ ማኅበሩ ለሁሉ ክፍት እንዲሆን ከተከራከሩት ዋነኛው ነበረ። ሔግል በበርሊን ረዳቱ ሊያደርገው ቢፈልግም በመንግሥት ዘንድ ተጠርጣሪ ስለ ሆነ አልተፈቀደለትም። ወንበር ሳያገኝ፥ በግሉ እየጻፈ ኖሮ በ1852 ዓ.ም. ሞተ። የመምህርነት ወንበር የተከለከለው ሰው ደብተሩ ግን ዛሬ ፕሮፌሰሮችን ያስተምራል።

እንግዲህ በዚህ ብቻ ብንተው ንግግራችን ለጆሮ የጣፈጠ በሆነ ነበር። ግን መራራውንም መናገር ይገባናል።

ሔግል ወደ በርሊን ከሄደ በኋላ ከ1822 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ዓለም ታሪክ ፍልስፍና ያስተምር ነበር። በዚያም ትምህርት አፍሪቃን በነገር ከፋፍሎ፥ ይልቁንም ከሰሐራ በታች ያለውን ምድር ከዓለም ታሪክ ውጭ አደረገው፤ ሕዝቡም ገና ወደ ታሪክ ደጅ ያልደረሰ ነው ብሎ አስተማረ። ይህን ሲናገር አንድ ቀን ስንኳ የአፍሪቃን አፈር አልረገጠም፤ መንገደኞችና ሚሲዮናውያን የጻፉትን አንብቦ ነው። ተማሪዎቹም እንደ ልማዳቸው ጻፉ። የ1822ና የ1823 ዓ.ም. ደብተሮች አሉ፤ ነገሩ በነዚያም ተጽፎ ይገኛል። መምህሩ ከሞተ በኋላ በ1837 ዓ.ም. ጋንስ፥ በ1840 ዓ.ም. ደግሞ የገዛ ልጁ ካርል መጽሐፍ አድርገው አሳተሙት፤ ከዚያ ወዲህ ያ ቃል በብዙ ቋንቋ እየተገለበጠ፥ አፍሪቃን ለመከፋፈልና ለመግዛት ለተነሡ ሰዎች ኅሊና እንደ ትራስ ሆኖ አገልግሏል። ከተማሪዎቹ መካከል እጁን አንሥቶ «መምህር ሆይ፥ ይህን በምን አወቅህ?» ያለ እንደ ነበረ ደብተሩ አይነግረንም።

እጅግ የሚያሳዝነውስ መልሱ በዚያው በጀርመን አገር ታትሞ መገኘቱ ነው። በ1624 ዓ.ም. በኤርፉርት ከተማ ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ሰው ተወልዶ ነበር። ገና በወጣትነቱ ግዕዝን ያለ መምህር ከመጻሕፍት ብቻ መማር ጀመረ። በ1649 ዓ.ም. ወደ ሮም በሄደ ጊዜ በቅዱስ እስጢፋኖስ የኢትዮጵያውያን ቤት አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የአምሐራ ሰው፥ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ፥ አገኘ። እኚህ አባት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከካቶሊካውያን ወገን ሆነው፥ አፄ ፋሲል ተዋሕዶን ከመለሱ በኋላ ከአገር የወጡ ናቸው፤ በሃይማኖት መንገዳቸው ከመንገዳችን ተለይቷል። ነገር ግን ሰው የሚናገረው እውነት ሲሆን ከማን አፍ ወጣ ብሎ ማናናቅ አይገባም። በ1652 ዓ.ም. የጎታ መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ግንቡ ወደ ፍሪደንሽታይን አስጠራቸው። በዚያም ለጥቂት ወራት ሉዶልፍ ጠያቂ፥ አባ ጎርጎርዮስ መምህር ሆነው ተቀመጡ። ስለ ነገሥታቱ፥ ስለ ሕጉ፥ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት፥ ስለ ወንዙና ስለ ተራራው፥ ስለ እህሉና ስለ ከብቱ ጀርመናዊው ጠየቀ፤ ኢትዮጵያዊው መለሱ፤ ጀርመናዊው ጻፈ።

ከዚያ ጽሑፍ ነው በ1681 ዓ.ም. በፍራንክፈርት የታተመው የኢትዮጵያ ታሪክ የተባለው መጽሐፍ የወጣው፤ በ1691 ዓ.ም. ማብራሪያው ተከተለ፥ በ1698 ዓ.ም. ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ታተመ። ሔግል በበርሊን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስለ አፍሪቃ ያን ቃል ሲናገር የሉዶልፍ መጽሐፍ ከታተመ 140 ዓመት አልፎት ነበር። ጎታም ሔግል በወጣትነቱ ካስተማረባት ከየና ከተማ ብዙ ሩቅ አይደለችም። የአክሱም ነገሥታት በድንጋይ ላይ በግዕዝና በጽርዕ ያስቀረጹት ጽሑፍ፥ በገንዘባቸውም ላይ ያተሙት መስቀል፥ በአባ ገሪማ ገዳም በብራና ላይ የተጻፈው ወንጌል፥ ይህ ሁሉ ሳይቈጠር፥ በገዛ አገሩ ቋንቋ ተናጋሪ የተጻፈ መጽሐፍ ምስክር ነበረ።

አባ ጎርጎርዮስ ግን መጽሐፉን አላዩትም። በ1658 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ሊመለሱ ተሳፍረው ሳለ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሰጠሙ። ሉዶልፍ ባይጽፍ ኖሮ ያ ሁሉ እውቀት ከእሳቸው ጋር በባሕር ይቀር ነበር። ሁለት ዓይነት ሰሚ በአንድ አገር ማለት ይህ ነው፤ አንዱ አፍሪቃዊውን መምህር አድርጎ በፊቱ ተቀመጠ፥ ሌላው አፍሪቃዊ በሌለበት ስለ አፍሪቃ የተነገረውን ጻፈ።

ይህን ስንናገር የፍልስፍናን ትምህርት ለማስጠላት አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ፈላስፎችን የምትፈራ አይደለችም፤ መጽሐፈ ፈላስፋ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ከዐረብ ቋንቋ ወደ ግዕዝ በአባ ሚካኤል ተተርጕሞ የሶቅራጢስና የአፍላጦን፥ የአርስጣጣሊስም ስም በገዳማችን ሲነበብ ኖሯል። ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስ በአቴና ከአረማውያን መምህራን እግር ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። ነገር ግን የቤርያ ሰዎች ያደረጉትን እናስብ፤ እነዚያ የሐዋርያውን የጳውሎስን ስብከት ስንኳ በደስታ ከተቀበሉ በኋላ እንዲህ ይሆንን ብለው በየቀኑ መጻሕፍትን መረመሩ፤ ስለዚህም ተመሰገኑ እንጂ አልተነቀፉም። ሐዋርያ የሚመረመር ከሆነ ፈላስፋ የማይመረመርበት ምን ምክንያት አለ?

ብዙ ወላጆች ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የፈላስፎችን ትምህርት ሲጀምር ይጨነቃሉ፤ ከሃይማኖቱ ይወጣብናል ብለው ደብተሩን በክፉ ዓይን ያዩታል። ጭንቀታቸው ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ሆኖም ደብተሩን ነጥቆ መጣል የኢዮአቄም መንገድ ነው። ይልቅስ ማታ ከራት በኋላ «ልጄ፥ ዛሬ የጻፍኸውን እስቲ አንብብልን» በሉት። ያልገባችሁንም ጠይቁት። ራሱ ሳይገባው የጻፈው እንደ ሆነ ያን ጊዜ ያውቀዋል፤ ገብቶት የጻፈውም እንደ ሆነ ከአባትና ከእናቱ ጋር ይመዝነዋል። አባት ፊደል ባይቈጥር እንኳ በሽምግልና ተቀምጦ የሰውን ነገር ሲመረምር የኖረ ነውና፥ የተጣመመ ነገር ሲነበብለት ሳያውቀው አይቀርም።

እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ስሙን። ትምህርት በተፈጸመ ጊዜ ደብተራችሁ ወዴት ይሄዳል? የብዙው መድረሻ ሱቅ ነው፤ ባለ ሱቁ ገጹን እየገነጠለ ኦቾሎኒና ቆሎ ይጠቀልልበታል። ቆሎ የሚገዛ ሰው አንዳንድ ጊዜ የሶቅራጢስን ሞት በግማሽ አንብቦ ቀሪው የት እንደ ገባ ሳያውቅ ይቀራል። ወረቀቱ ከሚጣል መጠቅለያ መሆኑ አይከፋም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን በመካከሉ አንድ መምህር አንድ ጊዜ ብቻ የተናገሩት፥ በየትም መጽሐፍ የማይገኝ ነገር ቢኖርበትስ? ቅዱስ ጳውሎስ በእስራት ሆኖ፥ መሞቻው መቅረቡን እያወቀ፥ ለጢሞቴዎስ በላከው መልእክት በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ፥ መጻሕፍቱንም፥ ይልቁንም ብራናዎቹን እንዲያመጣለት አደራ ብሎታል። ብርድና ሞት በፊቱ ቆመው ሳለ ስለ ብራና አሰበ።

በአገራችንም የመጻሕፍት ትርጓሜ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ሲወርድ የኖረ ነው። በጉባኤ ቤት መምህሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው «አንድም፥ አንድም» እያሉ ካወረዱ በኋላ ተማሪዎቹ ለብቻቸው ይሰበሰቡና ቅጸላ ያደርጋሉ፤ ይኸውም የሰሙትን አንዱ እየመራ፥ ሌላው እያረመ፥ የጐደለውን ሦስተኛው እየሞላ መከለስ ነው። ደብተርና ቀለም እንደ ልብ በማይገኝበት አገር አራት ሺሕ ገጽ የሚያህል ነገር በሰው ልብ ተጽፎ እስከ እኛ የደረሰው በዚህ ሥራ ነው። ዛሬ ግን የተማሪው ቍጥር ሲያንስ፥ የመምህሩ ዕድሜ ሲገፋ፥ በአንድ ሊቅ ብቻ የቀረ ትርጓሜ፥ በአንድ የቅኔ መምህር ብቻ የቀረ መንገድ አለ።

ስለዚህ በቅርባችሁ እንዲህ ያለ አባት ያላችሁ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ዛሬ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ በየኪሱ አለ፤ ቢፈቅዱላችሁ ያንንም ያዙ፥ ነገር ግን ከእጅ ጽሕፈቱ አትለዩ፤ ሲጽፉ ያልገባው ቶሎ ይታወቃልና። በገጹ ራስ ላይ የመምህሩን ስም፥ ጉባኤው የተዘረጋበትን ቦታና ቀኑን ጻፉ። እሳቸው ያሉትን በአንድ ወገን፥ እናንተ በኋላ አስባችሁ የጨመራችሁትን በሌላ ወገን አድርጉ። የጠየቃችሁትን ጥያቄ አታፍሩበት፥ እንደ ዲዲሞስ ተማሪዎች እንዳለ አስገቡት። መምህሩ «አላውቅም» ቢሉ ያንንም ጻፉ። ሲጨርሱም መልሳችሁ አንብቡላቸው፤ ያልተናገሩትን ጽፋችሁ እንደ ሆነ በሕይወት ሳሉ ያርሙላችኋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።